ጄምስ ብላክ፦ የልብና የጨጓራ መድኃኒቶች ታሪክ

ጄምስ ዋይት ብላክ የተወለደው እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 1924 ከግላስጎው ብዙም በማትርቀው ኡዲንግስተን በተባለች የስኮትላንድ ከተማ ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከአምስት ወንድ ልጆች አራተኛው ነበር። አባቱ የማዕድን መሐንዲስና የከሰል ማዕድን ሥራ አስኪያጅ ስለነበሩ ልጁ ያደገው ከሰል በሚወጣባት በፋይፍ አውራጃ ነው። ቤቱ የባፕቲስት እምነት በጥብቅ የሚከበርበት ቤት ነበር። እሱ ግን በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ልቡን የሰጠው ለሙዚቃ ነው። ትምህርቱን ችላ ብሎ በሐሳብ መዋኘት ይወድ እንደነበር በኋላ ራሱ ተናግሯል።

ከዚህ ያወጣው አንድ የሒሳብ መምህር ነው። መምህሩ የልጁን አእምሮ ስላወቁ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲን የመግቢያ ፈተና እንዲወስድ ወተወቱት። ጄምስ ፈተናውን ወስዶ ነጻ የትምህርት ዕድል ሲያገኝ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ሕክምናን የመረጠው ታላቅ ወንድሙ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ ስለነበር ነው። ተግቶ መሥራት ምን ያህል ደስ እንደሚያሰኝ የተማረው በዚያች ነፋሻና ቀዝቃዛ የባሕር ዳር ከተማ ነበር።

በ1946 በሕክምና ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት በተማሪዎች ዳንስ ላይ የተዋወቃትን ሂላሪ ቮንን አገባ። ሐኪም ቢሆንም በሽተኛ እያየ መኖር አልፈለገም። የዚያን ዘመን ሐኪሞች በበሽተኛ ላይ የሚያሳዩት ግዴለሽነት ስላላስደሰተው ወደ ፊዚዮሎጂ፣ ማለትም ሰውነት እንዴት እንደሚሠራ ወደሚያጠናው ሳይንስ አዘነበለ። ከተማሪነት ዘመኑ የተረፈ ዕዳ ነበረበት። ዕዳውን ለመክፈል በ1947 ወደ ሲንጋፖር ሄዶ በዚያው የሕክምና ኮሌጅ ሦስት ዓመት አስተማረ። በ1950 ባልና ሚስቱ ወደ ብሪታንያ ሲመለሱ ቤትም፣ ገቢም፣ የተያዘ ሥራም አልነበራቸውም።

ሥራው የተገኘው ባልተጠበቀ ቦታ ነው። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩት ዊልያም ዋይፐርስ የፊዚዮሎጂ ክፍል የሚያቋቁምላቸው ሰው ይፈልጉ ነበርና የሰው ሐኪሙን ብላክን ቀጠሩት። ላቦራቶሪውን ከባዶ አቋቋመ፤ የላምና የፈረስ ሐኪም ለሚሆኑ ወጣቶችም አስተማረ። የማንም ጥላ ሳያርፍበት የራሱን ጥያቄ የሚጠይቅበት ነጻነት ያገኘው እዚያ ነው። ከጥያቄዎቹ ሁለቱ ዕድሜ ልኩን አልለቀቁትም፤ አንዱ የልብ ነው፣ ሌላው የጨጓራ አሲድ።

አንጃይና የሚባለው የልብ ውጋት በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ያሠቃይ ነበር። ወደ ልብ ጡንቻ የሚወስዱት የደም ሥሮች ሲጠቡ፣ ሰውየው ደረጃ ሲወጣ ወይም ሲናደድ ልቡ የሚፈልገውን ኦክስጅን ያጣና ደረቱን ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል። ሐኪሞች ደም ሥር የሚያሰፋ መድኃኒት፣ በተለይ ናይትሮግሊሰሪን፣ ይሰጡ ነበር። ሐሳቡ ለልብ የሚደርሰውን ኦክስጅን መጨመር ነው። ብላክ ራሱም በግላስጎው ከቀዶ ሐኪሙ ከጆርጅ ስሚዝ ጋር ኦክስጅን ወደ ልብ በብዛት የሚደርስበትን መንገድ አጥንቷል።

ቀስ በቀስ ግን ነገሩን ገልብጦ ማየት ጀመረ። የልብን ቀለብ መጨመር ካልተቻለ ፍላጎቱን መቀነስ አይቻልም ወይ? ልብ በፍጥነት እንዲመታ የሚያዘው ሰው ሲደነግጥና ሲጨነቅ በደም ውስጥ የሚለቀቀው አድሬናሊን ነው። የጠበቡ የደም ሥሮች ላሉት ሰው ይህ ትእዛዝ አደጋ ነው። ጉዳዩ ለብላክ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አልነበረም። አባቱ ከመኪና አደጋ በኋላ በልብ ሕመም ሞተውበታል፤ ድንጋጤ በታመመ ልብ ላይ የሚያደርሰውን ከቤቱ ያውቀዋል።

አድሬናሊን በልብ ላይ ያለውን ሥልጣን የሚነጥቅ ነገር ግን በወቅቱ አልነበረም። የነበሩት የአድሬናሊን ተቃዋሚዎች የደም ሥርን መጥበብ ይከለክላሉ እንጂ ልብን አይነኩም። ለምን እንደሆነ ብላክ መልሱን ያገኘው በ1954 በታተመ የመድኃኒት ሳይንስ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ፣ አሜሪካዊው ሬይመንድ አልኲስት በጻፉት ምዕራፍ ላይ ነው። አልኲስት አድሬናሊን በሴሎች ላይ የሚያርፍባቸው ተቀባዮች፣ ሬሴፕተሮች፣ ሁለት ዓይነት ናቸው ይላሉ፤ አልፋና ቤታ። ደም ሥርን የሚያጠበው በአልፋ በኩል ሲሆን ልብን የሚያጣድፈው በቤታ በኩል ነው። አልኲስት ሐሳባቸውን መጀመሪያ የላኩለት መጽሔት ስላልተቀበለው በ1948 ሌላ መጽሔት ላይ ነው ያወጡት። ከወጣም በኋላ ለዓመታት ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው ጥቂት ነበር። ብላክ ግን መንገዱ ወለል ብሎ ታየው። ቤታ ሬሴፕተርን የሚዘጋ ውሁድ ከተገኘ ልብ ከአድሬናሊን ትእዛዝ ይገላገላል።

ውሁድ ለመሥራት ኬሚስቶች ያስፈልጋሉ፤ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ደግሞ ኬሚስት የለውም። በ1958 ብላክ አይ ሲ አይ በተባለው ግዙፍ የኬሚካል ኩባንያ ተቀጥሮ በቼሻየር አውራጃ ወደሚገኘው አልደርሊ ፓርክ ሄደ። ዕድሜው 34 ነበር። ኩባንያው አዲስ ላቦራቶሪ ከፍቷል፣ ገንዘብም ኬሚስቶችም አሉት። ያልነበረው የብላክን ጥያቄ ነው።

በዚያው ዓመት ኤሊ ሊሊ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ዲክሎሮአይሶፕሬናሊን የተባለ ውሁድ በሳንባ ቧንቧ ላይ የአድሬናሊንን ሥራ እንደሚከለክል አሳወቁ። በአልደርሊ ፓርክ ኬሚስቱ ጆን ስቲቨንሰን ውሁዱን ሠርቶ ለብላክ ሰጠው። የብላክ ቡድን ጊኒ ፒግ ከምትባለው የላቦራቶሪ እንስሳ በወጣ፣ በራሱ በሚመታ ልብ ላይ ሞከረው። ውጤቱ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነበር። ውሁዱ ልብን እንደማሳረፍ እንዲያውም አጣደፈው። ይከለክላል የተባለው ነገር የአድሬናሊን ረዳት መስሎ ቁጭ አለ።

ብዙ ተመራማሪ እዚህ ላይ ውሁዱን ጥሎ ወደ ሌላ ይሄድ ነበር። ብላክ የጠረጠረው ውሁዱን ሳይሆን መለኪያውን ነው። በራሱ የሚመታ ልብ ለትንሽ ማነሳሻም ቶሎ ይጣደፋል። ደካማ ማነሳሻና ጠንካራ ከልካይ በአንድነት የያዘ ውሁድ ቢኖር እዚህ ልብ ላይ የሚታየው ማነሳሳቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ቡድኑ ሌላ መሞከሪያ አበጀ። ከልቡ የታች ክፍል ውስጥ ፓፒላሪ የሚባለውን ትንሽ ጡንቻ ለይቶ አወጣ። ይህ ጡንቻ በራሱ አይመታም፤ በኤሌክትሪክ ንዝረት እየተነካ በእኩል ምት ይኮማተራል። አድሬናሊን ሲጨመርበት የሚለወጠው የመኮማተሩ ጉልበት ነው፤ ያንን በወረቀት ላይ መዝግቦ መለካት ይቻላል። ያንኑ ዲክሎሮአይሶፕሬናሊን እዚህ ላይ ሲሞክሩት ጡንቻው ዝም አለ። ከዚያ አድሬናሊን ሲጨምሩበት የተጠበቀው ጉልበት ሳይመጣ ቀረ። ውሁዱ ከመጀመሪያውም ከልካይ ነበር፤ የተሳሳተው አጠያየቁ ነው።

ለእኔ የብላክ ሕይወት እምብርቱ ይህ ሙከራ ነው። ስሙ የሚነሣው በሁለት መድኃኒቶች ቢሆንም ሁለቱም የተገኙት እሱ ለማያስደስት ውጤት እጅ ስላልሰጠና ውጤቱን ያመጣውን መለኪያ ደግሞ ስለመረመረ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላም ይኸው ነገር በሌላ ቤት፣ በሌላ ውሁድ ደርሶበታል።

ዲክሎሮአይሶፕሬናሊን ራሱ ልብን ስለሚያነሳሳ ለሰው የሚሰጥ አልነበረም። ስቲቨንሰን በውሁዱ ላይ ያሉትን ሁለት የክሎሪን አተሞች አውጥቶ በምትካቸው ሌላ የካርቦን ቀለበት አስገባ። ፕሮኔታሎል የተባለው ይህ አዲስ ውሁድ ማነሳሳቱን ትቶ መከልከሉን ያዘ። በለንደኑ የሴንት ጆርጅ ሆስፒታል በሰው ላይ ተሞክሮ የልብ ውጋት ያለባቸው በሽተኞች ውጋቱ ሳይዛቸው ቀድሞ ከሚችሉት በላይ መንቀሳቀስ ቻሉ። ሐሳቡ እውነት መሆኑ በሰው ታየ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ፕሮኔታሎል ለረጅም ጊዜ የተሰጣቸው አይጦች የታይመስ ዕጢ ካንሰር ያዛቸው። መድኃኒቱ ሌላ አማራጭ ለሌላቸው በሽተኞች ብቻ እንዲሆን ተገድቦ ፍለጋው እንደገና ተጀመረ። ኬሚስቶቹ በርት ክራውዘርና ሌስሊ ስሚዝ በሞለኪዩሉ መካከል አንድ የኦክስጅን ድልድይ አስገብተው ፕሮፕራኖሎልን ሠሩ። ይህኛው ከቀዳሚው አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ኃይለኛ ሆኖ ተገኘ፤ በአይጦቹም ላይ ያ ካንሰር አልታየም። በ1964 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ለዓለም ተነገረ፤ በ1965 «ኢንደራል» በሚል ስም ለገበያ ቀረበ።

ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ፈጣሪው ያላሰበው ቦታ ሁሉ ገባ። ብሪያን ፕሪቻርድ የተባለው የለንደን ሐኪም ለልብ ውጋት መድኃኒቱን የሰጣቸው በሽተኞች የደም ግፊታቸውም እንደሚወርድ አስተዋለ። ብላክ ይህንን አልጠበቀም ነበር፤ ብዙ ሐኪሞችም በመጀመሪያ አላመኑትም። ቤታ ከልካዮች ግን ውለው አድረው ከዋነኞቹ የደም ግፊት መድኃኒቶች ተርታ ተሰለፉ። በ1982 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ ጥናት ደግሞ የልብ ድንገተኛ አደጋ ደርሶባቸው የተረፉ 3,837 ሰዎችን የተከታተለ ነው። ፕሮፕራኖሎል ከወሰዱት መካከል የሞቱት 7.2 በመቶ ሲሆኑ ባዶ እንክብል ከወሰዱት ግን 9.8 በመቶ ሞተዋል። ልዩነቱ ጎልቶ በመታየቱ ጥናቱ ከታሰበለት ጊዜ ቀድሞ ቆመ።

መድኃኒቱ ለማይግሬን ራስ ምታት መከላከያም ይሰጣል። በአገራችንም የእንቅርት ሆርሞናቸው በዝቶ ልባቸው የሚደልቅባቸውና እጃቸው የሚንቀጠቀጥባቸው ሕሙማን ስሙን ያውቁታል። ለአስም በሽተኛ ግን አደገኛ ነው። አድሬናሊን የሳንባን ቧንቧ የሚከፍተውም በቤታ ሬሴፕተር በኩል ስለሆነ፣ ፕሮፕራኖሎል እሱንም ይዘጋዋል። ለጎረቤት የታዘዘ የልብ መድኃኒት ተውሶ መዋጥ ሕይወት ሊያሳጣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

ፕሮፕራኖሎል ገበያ ሳይወጣ ብላክ ከአይ ሲ አይ ወጣ። ኩባንያው በያዘው መድኃኒት እንዲቀጥል ይፈልግ ነበር፤ እሱ ደግሞ ምርምሩ አልቆ ማስተዋወቁ ሲጀመር ልቡ ይሸሻል። ከግላስጎው ጀምሮ ይዞት የኖረው ሁለተኛ ጥያቄ ነበረውና በ1964 ከለንደን በስተ ሰሜን ዌልዊን ጋርደን ሲቲ ወደሚገኘው የስሚዝ ክላይን ኤንድ ፍሬንች ላቦራቶሪ ተዛወረ።

ጥያቄው የጨጓራ አሲድ ነው። ያን ጊዜ የጨጓራ ቁስለት የያዘው ሰው ወተት ይጠጣል፣ የሚጣፍጠውን ሁሉ ይተዋል፣ አሲድ የሚያበርድ ዱቄት ይውጣል፣ ለሳምንታት አልጋ ላይ ይተኛል። ሲብስበት ወደ ቀዶ ሕክምና ይገባል። ቀዶ ሐኪሙ ወደ ጨጓራ የሚሄደውን ነርቭ ይቆርጣል ወይም የጨጓራውን ከፊል ቆርጦ ያወጣል። ቁስሉ ደም ሥር በልቶ ደም ሲያስተፋ ወይም ጨጓራውን ሲበሳው የሚሞተውም ጥቂት አልነበረም።

ሂስታሚን የተባለው የሰውነት ኬሚካል ጨጓራን አሲድ እንደሚያስመነጭ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። በ1930ዎቹ መጨረሻ የተገኙት ፀረ ሂስታሚን መድኃኒቶች ግን ለማስነጠስና ለማሳከክ ቢጠቅሙም በአሲዱ ላይ ምንም አያደርጉም። ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው ሂስታሚን በጨጓራ ውስጥ ቁም ነገር የለውም አሉ። ብላክ የአልኲስትን ትምህርት አልረሳም። አድሬናሊን ሁለት ዓይነት ተቀባይ ካለው ሂስታሚንስ ለምን አይኖረውም? የታወቁት መድኃኒቶች የሚዘጉት አንዱን ብቻ ቢሆንና ጨጓራው በሌላኛው የሚታዘዝ ቢሆንስ?

ከኬሚስቶቹ ከሮቢን ጋኔሊን፣ ከግራሃም ዱራንትና ከጆን ኤሜት፣ በላቦራቶሪው በኩል ደግሞ ከማይክ ፓርሰንስ ጋር ሥራው ተጀመረ። ሐሳቡ የሂስታሚንን ሞለኪዩል ይዞ እዚህ እዚያ እየለወጡ፣ ተቀባዩ ላይ ቁልፍ ሆኖ ገብቶ የማይዞር ነገር መሥራት ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ወደ 200 የሚጠጉ ውሁዶች ተሠሩ፤ አንዱም አልሆነም። ፊላደልፊያ ያሉት የኩባንያው አለቆች ትዕግሥታቸው እያለቀ ሄደ። ገንዘብ ይወጣል፣ ዓመት ይቆጠራል፣ የሚታይ ነገር የለም። በዌልዊን የምርምር ኃላፊው ቢል ደንካን ፕሮግራሙ እንዳይዘጋ ቆሞ ባይሟገት ኖሮ ታሪኩ እዚህ ያበቃ ነበር።

በ1968 ግን የአልደርሊ ፓርኩ ታሪክ ተደገመ። ጓኒልሂስታሚን የሚባለው ውሁድ ገና በፕሮግራሙ መጀመሪያ ተሠርቶ ተሞክሮ ነበር። አሲድ ስለሚያስመነጭ «ይህ ከልካይ አይደለም» ተብሎ መደርደሪያ ላይ ቀርቷል። መለኪያው ተለውጦ እንደገና ሲፈተሽ ግን አሲድ የሚያስመነጨው በደካማው ሆኖ፣ ራሱ ሂስታሚን ሲመጣ ደግሞ ቦታ ይዞ እንደሚከለክለው ታየ። አራት ዓመት የተፈለገው ነገር ፍንጩ እጃቸው ላይ ነበር። ሐሳቡ እውነት መሆኑ ስለተረጋገጠ ኬሚስቶቹ ማነሳሳቱን የሚያስቀር መከልከሉን የሚያጠነክር ለውጥ መፈለጋቸውን ቀጠሉ፤ ቡሪማማይድ ላይም ደረሱ።

በ1972 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ብላክና ባልደረቦቹ ሂስታሚን ሁለተኛ ተቀባይ እንዳለው፣ ስሙም ኤች 2 እንደሆነ፣ የሚዘጋውም ውሁድ እንደተገኘ አስታወቁ። ቡሪማማይድ በመርፌ ሲሰጥ አሲድ ይቀንሳል፤ በአፍ ሲወሰድ ግን ወደ ደም የሚገባው ትንሽ ነው። ተከታዩ ሜቲያማይድ በአፍ ሠራ፣ ቁስልም አዳነ፤ ነገር ግን ከወሰዱት ሰዎች በጥቂቶቹ ላይ ነጭ የደም ሴሎችን አመናመነ። ጥፋቱ ከሞለኪዩሉ ሰልፈር ያለበት ክፍል እንደሆነ ተጠረጠረና ያ ክፍል በሌላ ተተካ። የተገኘው ሲሜቲዲን ነው።

ሲሜቲዲን በ1976 በብሪታንያ፣ በ1977 በአሜሪካ «ታጋሜት» በሚል ስም ለበሽተኞች ደረሰ። ለውጡ ፈጣን ነበር። ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተይዞላቸው የነበሩ ሰዎች በሳምንታት ውስጥ ቁስላቸው በእንክብል ዳነ፤ ቀዶ ሐኪሞችም ለዓመታት የለመዱት ሥራ እየቀነሰባቸው ሄደ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የመድኃኒቱ ዓመታዊ ሽያጭ አንድ ቢሊዮን ዶላር አለፈ፤ ከመድኃኒቶች ሁሉ እዚያ የደረሰ ሌላ አልነበረም። የሚደንቀው ዋነኛ ተፎካካሪው የመጣውም ከፋይፍ የከሰል መንደር መሆኑ ነው። ግላክሶ የተባለው ኩባንያ የምርምር ኃላፊ ዴቪድ ጃክ የማዕድን ሠራተኛ ልጅ ነው። ብላክ በ1972 ስለ ኤች 2 ተቀባይ ያደረገውን ንግግር ሰምቶ የቡድኑን አቅጣጫ በመለወጥ ራኒቲዲን የተባለውን መድኃኒት አስገኘ፤ ራኒቲዲንም በሽያጭ ሲሜቲዲንን ቀደመው።

ሲሜቲዲን ቁስልን ቢያድንም መድኃኒቱ ሲቆም ቁስሉ በብዙ ሰዎች ላይ ይመለስ ነበር። ምክንያቱ በኋላ ታወቀ። በ1982 አውስትራሊያውያኑ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል በጨጓራ ውስጥ የሚኖረውን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ አገኙ፤ ዛሬ ቁስለቱ በፀረ ባክቴሪያና በአሲድ መቀነሻ አንድ ላይ ይታከማል። ይህ የብላክን ሥራ የሚያሳንስ አይመስለኝም። አሲዱን በመድኃኒት ማቆም እንደሚቻል ያሳየው እሱ ነው፤ እስከዚያ ድረስም ሚሊዮኖችን ከቢላዋ ያዳነው ያ መድኃኒት ነው።

ብላክ እንደ ልማዱ መድኃኒቱ ገበያ ሳይደርስ ለቅቆ ሄዷል። በ1973 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የፋርማኮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ። የራሱን ኬሚስቶች ይዞ መሥራት ስላልቻለ፣ ገንዘብም ስላጠረው አልተመቸውም። በ1978 በቤከንሃም ወደሚገኘው የዌልካም ምርምር ላቦራቶሪ ሄደ። ትልቅ ድርጅት ማስተዳደርም የእሱ ነገር አልነበረምና በ1984 ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ገብቶ ጥቂት ሰዎች ያሉበት ትንሽ ላቦራቶሪ አቋቋመ። እነዚህ ዓመታት ግን ባዶ አልነበሩም። በ1983 ከፖል ሌፍ ጋር ያሳተመው፣ አንድ መድኃኒት በተቀባዩ ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ በሒሳብ የሚገልጽ ቀመር ዛሬም የፋርማኮሎጂ ተማሪዎች ይማሩታል። በ1976 የአሜሪካውን ላስከር ሽልማት አግኝቶ የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኗል፤ በ1981 «ሰር» ተባለ።

ሂላሪ በ1986 ሞተች። ከሲንጋፖር ጀምሮ ሥራ ባጣበትም፣ ሥራ በለቀቀበትም ጊዜ አብራው የኖረች ሴት ናት። የሕይወቱ ዋና ኃይል እሷ እንደነበረች ብላክ ጽፏል። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1988 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ሲታወጅ እሷ አላየችም። ሽልማቱን የተጋራው ከአሜሪካውያኑ ከገርትሩድ ኤልየንና ከጆርጅ ሂቺንግስ ጋር ነው። ሦስቱም መድኃኒቶቻቸውን ያገኙት በኩባንያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር፤ ሸላሚዎቹም ያከበሩት መድኃኒት የሚፈለግበትን አዲስ መርህ ነው። ዝና የማይወደው ብላክ ዜናውን ሲሰማ እጁ ላይ ቤታ ከልካይ ቢኖረው እንደሚመኝ ተናግሯል።

ከሁለቱ መድኃኒቶች ኩባንያዎቹ በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ሲያፍሱ እሱ ከሽያጩ ድርሻ አልነበረውም፤ በደመወዝ የሚኖር ተመራማሪ ነበር። በዚህ ሲያማርር አልተሰማም። በ1988 በስሙ በተቋቋመ ትንሽ የምርምር ማዕከል ሥራውን ቀጠለ። በ1994 ከቆዳ ሐኪሟ ከፕሮፌሰር ሮና ማኪ ጋር ትዳር መሠረተ፤ በ2000 ከብሪታንያ ታላላቅ ክብሮች አንዱ የሆነውን የሜሪት ኒሻን ከንግሥቲቱ ተቀበለ። ከ1992 እስከ 2006 የዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ነበር። ዳንዲ ተማሪ ሳለ ሕክምናን ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ የተማረባት ከተማ ናት።

በ2008፣ ፕሮፕራኖሎል ከተሠራ ከአርባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ ያሉ ሐኪሞች ለልብ ችግር መድኃኒቱን የሰጧቸው ሕፃናት ፊታቸው ላይ የነበረው ከደም ሥር የሚበቅል ቀይ ዕጢ እየከሰመ መሄዱን አዩ። ከዚያ በፊት ለዚህ ዕጢ ይሰጥ የነበረው ሕክምና በዋናነት ብዙ ጉዳት የሚያስከትለው ስቴሮይድ ነበር። ዛሬ ለእነዚህ ሕፃናት በመጀመሪያ የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎል ነው።

ጄምስ ብላክ ማርች 22 ቀን 2010 በ85 ዓመቱ አረፈ። በዳንዲ ዩኒቨርሲቲ በ2006 የተከፈተው የምርምር ሕንፃ በስሙ ይጠራል። በዚያ ከሚሠሩት ሥራዎች አንዱ ኩባንያዎች ትርፍ የለውም ብለው ለተዉአቸው የሞቃት አገር በሽታዎች መድኃኒት መፈለግ ነው። ከእነዚህም መካከል በሑመራና በመተማ ቆላ ለእርሻ ሥራ የወረዱ የቀን ሠራተኞችን የሚጥለው ካላዛር ይገኝበታል።